ሳሎኗ ያተረፋት ጎታች ጀልባ

በ2004 መጀመሪያ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኤልስሜር ፖርት በምትባል ከተማ፣ አንዲት አሮጌ ጎታች ጀልባ ዳር ይዛ ቆማለች። መቶ ዓመት ሞልቷታል። ዞር ብሎ የሚያያት ከጠፋ ቆየ። ወሮበሎች ገብተው የሚሰበረውን ሰብረዋል፣ ዝገቱም የድርሻውን ወስዷል። ባለቤቷ የሆነው ድርጅት ቁርጡን ወስኗል፤ ተጎትታ ትወሰድና ትቆራረጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትጎትት ኖራ፣ በመጨረሻ ራሷ ተጎትታ ወደ መታረጃዋ።

ይኼኔ በጎታች ጀልባ ላይ የሚሠራ አንድ ሰው ወሬው ጆሮው ገባ። ሄዶ ጠየቀ። ሸጡለት። ዋጋዋ አንድ ፓውንድ ነበር። በ2004ም ቢሆን በአንድ ፓውንድ ደህና ቡና አይጠጣም።

ጀልባዋ «ዳንኤል አዳምሰን» ትባላለች። የሚወዷት ግን «ዳኒ» ይሏታል። ስሙ የወንድ ቢሆንም እንግሊዞቹ መርከብን «እሷ» ነው የሚሉት፤ እኛም መርከቧ፣ ጀልባዋ ማለት ስለሚቀናን እንደዚያው እቀጥላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

እኔን የገረመኝ በአንድ ፓውንድ መሸጧ አይደለም። የገረመኝ እስከዚያ ድረስ መቆየቷ ነው። እሷ በተሠራችበት ዘመን የእንግሊዝ ወንዞችና ለጀልባ መሄጃ የተቆፈሩ ቦዮች በእንፋሎት ጎታቾች የተሞሉ ነበሩ። ሁሉም ማለት ይቻላል ቀልጠው ሌላ ብረት ሆነዋል። ታዲያ ይቺ ምን ስላላት ቀረች? ነገሩን ከሥሩ ስከታተለው መልሱን ሞተሯ ውስጥ አላገኘሁትም። ሳሎኗ ውስጥ ነው ያገኘሁት። እዚያ እስክንደርስ ግን ወደ ኋላ መሄድ አለብን።

ዳኒ የተሠራችው በ1903 ነው። ቦታው ከሊቨርፑል ማዶ፣ መርሲ ወንዝ ዳር ያለችው በርከንሄድ ናት። ያን ጊዜ ስሟ «ራልፍ ብሮክልባንክ» ነበር። ያሠራት ሽሮፕሺር ዩኒየን የሚባለው የባቡርና የቦይ ኩባንያ ነው። በስሙ ውስጥ «ባቡር» ይኑር እንጂ፣ ዋናው ኑሮው በቦይ ላይ ነበር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠባብ ጀልባዎች ነበሩት። ጠባብ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ወርዳቸው ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ገደማ ነው፤ ርዝመታቸው ደግሞ ወደ 21 ሜትር። ጀልባን ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት የቦዩ የውሃ በሮች ጋር ተለክተው የተሠሩ ናቸው። እነዚህን ጀልባዎች ፈረስ ነበር የሚጎትታቸው። አንድ ፈረስ በቦዩ ዳር በተሠራው መንገድ ላይ እየሄደ 25 ቶን ያህል ጭነት ይስባል። በጋሪ ቢሆን ኖሮ ከአንድና ከሁለት ቶን አያልፍም። ውሃ ሸክም ያቀላል።

ችግሩ ፈረሱ ኤልስሜር ፖርት ሲደርስ መንገዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የመርሲ ወንዝ አፍ ነው። እዚያ የፈረስ መንገድ የለም። የባሕሩ ውሃ በጣም በሚሞላባቸው ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አሥር ሜትር ይጠጋል። የሦስት ፎቅ ቤት ከፍታ ያለው ውሃ በየስድስት ሰዓቱ ይመጣል፣ ይሄዳል ማለት ነው። ቦይ ላይ ያደገች ሞተር የሌላት ጀልባ እዚያ ብቻዋን ብትገባ አለቀላት። ጭነቱ ግን ሊቨርፑል መድረስ አለበት፤ የሊቨርፑሉም ጭነት ወደ ኤልስሜር ፖርት መምጣት አለበት። ጎታቿ የተሠራችው ለዚህ ነው። ተከታትለው የታሰሩ የጭነት ጀልባዎችን ከኋላዋ አስከትላ ወንዙን ታሻግራለች። እግረ መንገዷንም ሰው ትጭን ነበር፤ እስከ 1915 ድረስ በሁለቱ ከተሞች መካከል መንገደኛ አመላልሳለች።

ስለ ሥራዋ ትንሽ ቀረብ ብለን እንይ።

ርዝመቷ 33 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ሆዷ ውስጥ አንድ ትልቅ ቦይለር አለ። ቦይለር ሲባል የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ማሞቂያ በሐሳብዎ ከመጣ፣ ወደ ክፍል መጠን ያሳድጉት። ከበሮ የሚመስል ወፍራም የብረት በርሜል ነው። ውስጡ ምድጃዎች አሉ፤ እሳቱ በቱቦዎች ውስጥ ያልፋል፣ ውሃው ቱቦዎቹን ከቦ ይፈላል። አንዳጁ የድንጋይ ከሰሉን በአካፋ ይወረውራል። ሥራው ሲያዩት ጉልበት ብቻ ይመስላል፤ ግን ብልሃት አለው። ከሰሉ አንድ ቦታ ከተቆለለ እሳቱ ይታፈናል። ሳስቶ በእኩል መዘርጋት አለበት። የምድጃው በር ብዙ ከተከፈተ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ እንፋሎቱን ያወርዳል። ስለዚህ ክፈት፣ ወርውር፣ ዝጋ። እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ ላይ ሊጡን ስታዞር ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል፤ እጅ የለመደው ሥራ ነው፣ በቃል ለማስተማር ይከብዳል።

እንፋሎቱ ከዚያ ወደ ሞተሮቹ ይሄዳል። ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ሞተር ትንሽና ትልቅ ሲሊንደር አለው። እንፋሎቱ በጉልበቱ ሳለ ትንሹ ውስጥ ገብቶ ይገፋል። ደከም ሲል ደግሞ ወደ ትልቁ ተላልፎ እንደገና ይሠራል። አንድን እንፋሎት ሁለት ጊዜ ማሠራት ነው፤ ከሰል ቆጣቢ ብልሃት። ሁለቱ ሞተሮች ሁለት ፕሮፔለር ያዞራሉ። ካፒቴኑ አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ካዘዘ ጀልባዋ በቆመችበት ትሽከረከራለች። ጠባብ ውሃ ላይ ይህ ችሎታ ከፍጥነት ይበልጣል። ጎታች እንጂ ጎታታ አይደለችም።

ቃሉን ካነሳን አይቀር፤ «ባቡር» የምንለው ቃል ራሱ መነሻው እንፋሎት ነው። በአረብኛ በኩል ዞሮ የመጣ የጣልያን ቃል ነው። ለዚህ ነው አባቶቻችን የእህል ወፍጮውንም፣ በሐዲድ የሚሄደውንም «ባቡር» ያሉት። የሚያፏጭና የሚጨስ ከሆነ ባቡር ነው። ዳኒን ቢያዩዋት «የውሃ ባቡር» ማለታቸው አይቀርም ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለባሕር ኃይሉ ለአጭር ጊዜ ሊቨርፑል አካባቢ ቅኝት አድርጋለች። ከጦርነቱ በኋላ የቦይ ንግድ ተንኮታኮተ። ደመወዝ ጨመረ፣ የሥራ ሰዓት አጠረ፣ የመንግሥት ድጎማም ቆመ። በ1921 ሽሮፕሺር ዩኒየን የጀልባ ሥራውን ጨርሶ ተወው። በኤልስሜር ፖርት የነበረውን ሥራ የማንቸስተር የመርከብ ቦይ ኩባንያ ተረከበ። ጎታቿም አብራ ተላለፈች።

አዲሱ ጌታዋ የዋዛ አልነበረም። የማንቸስተር የመርከብ ቦይ 58 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከመርሲ አፍ ተነስቶ ውቅያኖስ የሚያቋርጡ መርከቦችን ወደ መሐል አገር ያስገባል። መነሻው ንዴት ነው ማለት ይቻላል። የማንቸስተር ጥጥ ነጋዴዎች ሊቨርፑል ወደብ የሚከፍሉት ቀረጥና የባቡር ማጓጓዣው ዋጋ አንገሸገሻቸው። ከአገሩ ማዶ ባለው በሃል ወደብ ዞሮ ማስመጣት ይሻላል እስኪባል ተደረሰ። ሰኔ 27 ቀን 1882 አንድ ፋብሪካ ያለው መሐንዲስ ሰዎችን ቤቱ ሰበሰበ። ከከንቲባዎችና ከኢንዱስትሪ ባለቤቶች ጋር ተማከረ። ከዚያ ቤት የወጣው ሐሳብ፣ «መርከቡ ወደ እኛ ይምጣ» የሚል ነው። የሰውየው ስም ዳንኤል አዳምሰን ነበር።

ሊቨርፑል ዝም ብላ አላየችም። የባቡር ኩባንያዎቹም እንዲሁ። ረቂቅ ሕጉ በፓርላማ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው፣ በ1885 አለፈ። ከዚያ ደግሞ የገንዘብ ጣጣ መጣ። አዳምሰን አክሲዮኑ በተራው ሕዝብ እጅ እንዲገባ ይፈልግ ነበር። በገንዘብ አሰባሰቡ ነገር አልተግባቡም፤ በ1887 ከሊቀመንበርነቱ ለቀቀ። ቁፋሮው የተጀመረው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ሥራው በጦፈበት ጊዜ ከ16 ሺህ በላይ ሰው ቆፍሯል። ገንዘቡ መሐል ላይ አልቆ የማንቸስተር ከተማ ምክር ቤት 5 ሚሊዮን ፓውንድ አበደረ። ሲጠቃለል 15 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ። ቦዩ በጥር 1894 ለመርከቦች ተከፈተ፤ ግንቦት ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ መጥታ መረቀችው። አዳምሰን ግን አላየውም። በ1890 ሞቷል።

ስለዚህ ቦይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ባርተን በሚባለው ቦታ አሮጌው የብሪጅዎተር ቦይ በመንገዱ ላይ ነበር። ምን ተደረገ? ቦይ በቦይ ላይ እንዲያልፍ ድልድይ ተሠራ። ድልድዩ ውሃ የተሞላ ገንዳ ነው፤ ጠባቦቹ ጀልባዎች በላዩ ይሄዳሉ። ከሥር ትልቅ መርከብ ሲመጣ የገንዳው ሁለት ጫፍ ይዘጋና፣ ገንዳው ውሃውን እንደያዘ ወደ ጎን ይዞራል። 1,450 ቶን ነው የሚዞረው። ዛሬም ይሠራል።

በዚህ ቦይ ላይ የጎታች ሥራ ከመርሲው ይለያል። መርከቡ ሞተር አለው፤ ጉልበት አያንሰውም። የሚያንሰው መላወሻ ነው። የቦዩ ወለል ሲሠራ ወርዱ 36 ሜትር ገደማ ነበር። ትልቅ መርከብ ወደ አንዱ ዳር ከተጠጋ በመርከቡና በዳሩ መሐል ያለው ውሃ ይጣደፍና መርከቡን ወደ ዳሩ ይስበዋል። ካፒቴኑ መሪውን ቢያዞርም ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ አንድ ጎታች ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይታሰራሉ። የፊቷ አፍንጫውን ትመራለች፣ የኋላዋ ጭራውን ትይዛለች። በሬን በጠባብ ጎዳና እንደ መንዳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። 1936።

በዚያ ዓመት ኩባንያው ጎታቿን ወስዶ ከባድ እድሳት አደረገላት። የካፒቴኑ ቤት ከፍ ተደረገ። ከላይ መንሸራሸሪያ ሰገነት ተጨመረላት። ከውስጥ ሁለት ሳሎን ተሠራላት፤ በዘመኑ ትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ላይ ይታይ በነበረው በአርት ዴኮ ስልት፣ በተወለወለ እንጨት፣ በተሳለ መስታወት፣ በምቹ ወንበር። ስሟም ተቀየረ። «ራልፍ ብሮክልባንክ» ቀረና «ዳንኤል አዳምሰን» ተባለች። ቦዩን ያለመው ሰውዬ ከሞተ 46 ዓመት በኋላ ቦዩ ላይ መመላለስ ጀመረ ማለት ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ግጥጥሞሽ አለ። አዳምሰን በሙያው ቦይለር ሠሪ ነበር። የቦይለር የእሳት ቱቦዎች በሙቀት ሲለጠጡ እንዳይሰነጠቁ የሚያደርግ የመገጣጠሚያ ዘዴ በስሙ ይጠራል። ስሙ የተሰጠው በቦይለር ለምትኖር ጀልባ ነው። ኩባንያው ይህን አስቦበት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቢያንስ ሰውየው ቅር የሚለው አይመስለኝም።

እድሳቱ ለጌጥ ብቻ አልተደረገም። ኩባንያው ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር። አንደኛ፣ ዳይሬክተሮቹ ቦዩን ወርደው የሚያዩበት፣ በሮቹንና ዳሮቹን የሚመረምሩበት ጀልባ። ሁለተኛ፣ ደንበኛ ሊሆን የሚችል ነጋዴን ወይም የተከበረ እንግዳን ጭነው፣ ምሳ አብልተው፣ «ይኸው ወደባችን» የሚሉበት። የመጎተት ሥራዋ ግን አልቀረም። መንጠቆዋ ቦታው ላይ ነበር። ሆዷ ውስጥ አንዳጁ ከሰል እየወረወረ ላቡን ይጠርጋል፤ ከሱ ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ፣ በአንድ የብረት ግድግዳ ማዶ፣ እንግዶች በሸክላ ስኒ ሻይ ይጠጣሉ። ሁለቱም በአንድ ቦይለር ነው የሚሄዱት።

እኔ እንደሚመስለኝ ዕድሜዋን ያስረዘመው ይህ ነው። ለመጎተት ብቻ የተሠራ ጎታች የሚመዘነው በጉልበትና በነዳጅ ወጪ ነው። ናፍጣ ሞተር መጣ፤ አንዳጅ አይፈልግም፣ ጠዋት ተነስተህ ታስነሳዋለህ። በዚህ ሚዛን የእንፋሎት ጎታች ሁሉ ይሸነፋል። ዳኒ ግን በሌላ ሚዛን ላይ ነበረች። እንግዳ ተቀባይ ናት። እንግዳ የሚቀበሉባትን ጀልባ ማንም ቶሎ አይጥልም፤ እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚወጣ ስኒ አለ አይደል? ያ ስኒ ነው የማይሰበረው። በእርግጥ ሌላ ሰው ሊከራከረኝ ይችላል። ዕድልም ድርሻ አለው፤ ቀፎዋ በደንብ መሠራቱም። እኔ ግን ሳሎኑ ባይኖር ኖሮ 1960ዎቹን ታልፍ ነበር ብዬ አላምንም።

ወደቡ ራሱ ግን ደከመ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በቦዩ የሚያልፈው ጭነት ጣሪያ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ኮንቴይነር መጣ። መርከቦቹ ግዙፍ ሆኑ፤ የቦዩ በሮች አላስገባ አሏቸው። በ1982 የማንቸስተር ወደብ ተዘጋ። እንግዳ ማሳያ ወደብ ከሌለ የእንግዳ ጀልባ ለምን ያስፈልጋል? በ1984 ዳኒ ከሥራ ወጣች። ሰማንያ አንድ ዓመት ሠርታለች።

በ1986 ኤልስሜር ፖርት ወደሚገኘው የጀልባ ሙዚየም ተወሰደች። ዞራ ዞራ ሥራ ወደ ጀመረችበት ከተማ ተመለሰች። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ይጎበኟት ነበር። ግን ብረት ጀልባ ውሃ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየጊዜው ከውሃ መውጣት፣ መፈተግ፣ መቀባት አለበት። ገንዘብ ይፈልጋል። ቀስ በቀስ ለጎብኚ ተዘጋች። ከዚያ በኋላ የሆነውን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ።

አንድ ፓውንዷ ግን የዋጋው መጀመሪያ ብቻ ነበረች። ገዢውና ጓደኞቹ የጥበቃ ማኅበር አቋቋሙ፣ ጀልባዋን ወደ ሊቨርፑል ወሰዷት። ከዚያ ዓመታት አለፉ። ጡረታ የወጡ ብየዳ ሠራተኞች፣ የመርከብ መካኒኮች፣ ሥራውን ጨርሶ የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ ዝገት ፈገፈጉ። አሥር ዓመት ሙሉ! እዚህ ላይ ነው ሳሎኑ ለሁለተኛ ጊዜ ያዳናት። ዝገት የበላውን ቀፎ ለማያውቅ ሰው ማሳየት ከባድ ነው። የ1936ቱን ሳሎን ግን ማንም አንዴ ካየው ይገባዋል። በ2015 ከብሔራዊ ሎተሪ ገቢ ለቅርስ የሚመደበው ፈንድ 3.8 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ። ጀልባዋ ወደ ተወለደችበት ወደ በርከንሄድ ተሻግራ መርከብ መሥሪያ ገባች። ያረጀው ብረት ተቆርጦ ወጣ፣ አዲስ ተበየደ። ሳሎኖቹ ወደ ቀድሞ መልካቸው ተመለሱ።

በ2016 በእንፋሎቷ ራሷን ችላ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በመርሲ፣ በመርከብ ቦዩና በዊቨር ወንዝ ላይ ሰው እየጫነች ተጉዛለች። ጉዞ ሲኖር ሥራው የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ቦይለሩ ተቸኩሎ አይሞቅም። ቶሎ ከሞቀ የላይኛው ብረት ሲለጠጥ የታችኛው ገና ቀዝቃዛ ይሆናል፤ መገጣጠሚያዎቹ ይጨነቃሉ። ስለዚህ ትንሽ እሳት ይለኮስና ይጠበቃል። ሰዓታት ያልፋሉ። የግፊት መለኪያው ቀስት መጀመሪያ አይነቃነቅም፤ ኋላ ላይ በጭንቅ ፈቀቅ ይላል። አንዳጁ በሩን ከፈት ያደርጋል፣ አንድ አካፋ ይወረውራል፣ ይዘጋል። ከላይ ደግሞ ሌላው ፈቃደኛ ጨርቅ ይዞ የሳሎኑን መስታወት ይወለውላል።